ጥርሱን ያልጨረሰ ፈረስ ጉግስ አይግባ

በየዓመቱ ጥር 11 ቀን፣ የጥምቀት ዕለት፣ በደሴ ዙሪያ ካሉት ሜዳዎች በአንዱ የተገኘ ሰው የፈረስ ጨዋታ ሳያይ ቢመለስ ቅር ይለዋል። ታቦት አጅቦ የወጣው ሕዝብ ግራና ቀኝ ተሰልፎ ቦታ ይለቃል። ፈረሰኞቹ ፈረሶቻቸውን ግላስ አልብሰው፣ ዘንግና ጋሻ ይዘው፣ ሁለት ወገን ሆነው ይቆማሉ። አንዱ ወገን ሲሸሽ ሌላው ሽምጥ እየጋለበ ያባርራል፤ ዘንግ ይወረወራል፤ በጋሻ ይመከታል፤ እልልታው ከአቧራው ጋር አብሮ ይነሣል። እንዲህ ያለውን ትርዒት እያየ ልቡ የማይሞቅ ወሎዬ አለ ለማለት አንደፍርም። የእኛም ልብ ይሞቃል። ዳሩ ግን ዛሬ ብዕራችንን ያነሣነው ጉግስን ለማወደስ ብቻ አይደለም። ፈረሱ ከዚያ ሜዳ ከመድረሱ በፊት ስንት ዘመንና ምን ዓይነት ትምህርት እንደሚያስፈልገው፣ ይህም ሲጎድል ምን እንደሚሆን ለመናገር ነው።

ነገሩን ከቤታችን እንጀምር። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ አጎታችን ከለጋምቦ ደጋ አንድ ዳማ ድንጉላ ገዝተው መጡ። ዕድሜው ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ቢሆን ነው። በኅዳር ተገዛ፤ በታኅሣሥ ኮርቻ ተጫነበት፤ በጥር ጉግስ ገባ። በዚያ ቀን የዳማውን ያህል የሮጠ አልነበረምና ስሙ ከአፍ ወደ አፍ ሲዞር ዋለ። በዓሉ ባለፈ በሦስተኛው ቀን ግን የግራ የፊት እግሩ ከጉልበቱ በታች አብጦ፣ በእጅ ሲነኩት እንደ ምጣድ የሚያቃጥል ሆኖ ተገኘ። ወጌሻ ተጠራ፤ በቅቤ ታሸ፤ ሁለት ወር ያህል ዐረፈ። ተሻለው ሲባል ደግሞ ለሠርግ አጀብ ተጋለበ። ያን ጊዜ ጅማቱ ፈጽሞ ተጎዳ። ለኮርቻ የማይሆን ፈረስ ዕጣው የታወቀ ነውና ለጋሪ ተሸጠ። ከዓመት በኋላ ለጉዳይ ወደ ኮምቦልቻ ወርደን ሳለ ከቦርከና ዳር ሲሚንቶ የጫነ ጋሪ ሲጎትት አገኘነው። እያነከሰ ነበር። ይህንን ለአጎታችን ስንነግራቸው ለጊዜው ዝም አሉ፤ ከዚያም «ጥፋቱ የፈረሱ አይደለም፤ የእኔ ነው» አሉና ወሬ ለወጡ።

ዘንድሮ ደግሞ ሌላ ፈረስ ከዚያው ደጅ ቆሟል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን ባዳረሰ ጊዜ በደቡብ ወሎ ብዙ ቤተ ሰብ ከብቱን አጥቷል፤ ከአጎታችን በረትም የተረፈችው አንዲት ባዝራ ብቻ ነበረች። ከእርስዋ የተወለደው ግንባሩ ነጭ ቦራ አሁን ሦስት ዓመት ሞልቶታል። የአጎታችን የመጨረሻ ልጅ፣ ገና 17 ዓመቱ የሆነው፣ ለመጪው ጥምቀት ቦራውን ጉግስ ለማስገባት ቆርጦ ተነሥቷል። አባትየው «የዳማው ነገር አይደገምም» ይላሉ። ልጁ ደግሞ «ጓደኞቼ ሁሉ እየገቡ እኔ ብቻ ከተመልካች ጋር ልቁም?» ይላል። ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። በመጨረሻም «ዩኒቨርሲቲ ጨረስን የምትሉ፣ እስቲ ፍረዱ» ተብሎ ነገሩ በእኛ ላይ ወደቀ።

እኛ የተማርነው ስለ ፈረስ አይደለም። ስለዚህ ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት ሽማግሌዎችን ጠየቅን፤ የእንስሳት ሐኪሞችን አነጋገርን፤ የተጻፈውንም አገላበጥን። ያገኘነውን ለአጎታችን ልጅ ብቻ ነግረን ዝም ብንል ንፉግነት መስሎ ታየን፤ በየቀበሌው አንድ ቦራና አንድ የቸኮለ ጎረምሳ መኖሩ አይጠረጠርምና።

ወሎና ፈረስ የቆየ ወዳጅነት አላቸው። በ1888 ዓ.ም. በአድዋ ዘመቻ የራስ ሚካኤል ፈረሰኛ ስሙ የተነሣ ነበር። በጥቅምት 1909 ዓ.ም. በሰገሌ ጦርነት ንጉሥ ሚካኤል ድል ሲሆኑም ከወሎ የወጣው ፈረሰኛ ብዙ ነው። ደሴ ከተማ ራሷ የእኒህ ሰው መቀመጫ ሆና ያደገች ናት። በዚያ ዘመን መኳንንቱ የሚጠሩት በፈረሳቸው ስም ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መላ፣ ራስ ሚካኤልም አባ ሻንቆ ተብለዋል። ይህን ልማድ አንድ ጊዜ ቆም ብለን ብናስበው ትምህርት እናገኝበታለን። ሰው በፈረሱ ስም የሚጠራው ፈረሱ ከእርሱ ጋር ከዘመቻ ዘመቻ አብሮት የከረመ እንደ ሆነ ነው። ለአንድ ጥምቀት ሮጦ በማግስቱ በሚያነክስ ፈረስ ስም ማንም አይጠራም።

ያን ጊዜ ፈረሱን የሚያሳድግ፣ የሚገራና የሚመግብ ሥርዓት ነበረ። በቤተ መንግሥቱ የባልደራስ ሹመት ነበረ፤ በየመኳንንቱም ቤት ዕድሜውን በጋጣ የፈጀ፣ የፈረስ ጠባይ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። ጉግስም ለጨዋታ ብቻ የሚደረግ አልነበረም፤ ፈረሱና ፈረሰኛው ለጦርነት የሚሰናዱበት ትምህርት ቤት ነበር። የፈረሰኛ ጦር ዘመን አለፈ፤ ጋጣውም ተበተነ፤ ባልደራሱም ሄደ። በዓሉ ተርፎልናል፤ ትምህርት ቤቱ ግን ተዘግቷል። ዛሬ አንድ ጎረምሳ ፈረስ ሲገዛ እንዴት እንደሚጋልበው የሚነግረው ብዙ ነው፤ መቼ እንዳይጋልበው የሚነግረው ግን ጥቂት ነው።

እንግዲህ ወደ ፈረሱ አካል እንምጣ። የፈረስን ዕድሜ ለማወቅ የልደት ምስክር ወረቀት አያስፈልግም፤ አፉን መክፈት ይበቃል። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ከፊት ያሉት ሁለቱ መካከለኛ የወተት ጥርሶቹ፣ ከላይም ከታችም፣ ወድቀው በቋሚ ይተካሉ። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ከእነርሱ ግራና ቀኝ ያሉት፣ አራት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆነው ደግሞ የዳር ዳሮቹ ይለወጣሉ። አምስት ዓመት የሞላው ፈረስ የፊት ጥርሱን ጨርሷል። አባቶቻችን ፈረስ ሲገዙ አስቀድመው ከንፈሩን የሚገልጡት ስለዚህ ነው።

የአጥንቱም ነገር ከጥርሱ የተለየ አይደለም። ከጉልበቱ በታች ያለው አጥንት ቀድሞ ይጠነክራል። ከጉልበቱ በላይ ያለው ግን ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ገደማ ይፈጃል። ሰው የሚቀመጥበት የጀርባ አጥንት ከሁሉ ይዘገያል፤ እድገቱን የሚጨርሰው ከአምስት ዓመት በኋላ ነው። እንግዲህ የሦስት ዓመት ፈረስ ላይ ኮርቻ ጭኖ ሽምጥ መጋለብ፣ ምሰሶው ሳይደርቅ ጣራ እንደ መጫን ነው። ቤቱ ለጊዜው ይቆማል፤ መጉበጡ የሚታየው ኋላ ነው።

ከዚህም የባሰ አንድ አታላይ ነገር አለ። ፈረስ በሩጫ ሲለማመድ በመጀመሪያ የሚበረታው ትንፋሹ ነው፤ ልቡ በጥቂት ወር ውስጥ ይበረታል። ጡንቻውም ቶሎ ይከተላል። ጅማቱና አጥንቱ ግን ከሁሉ በኋላ፣ በዝግታ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ፈረሱ አልደከመም፣ አላለከለከም፣ እንዲያውም ልሩጥ ልሩጥ ይላል፤ ባለቤቱም «ደርሷል» ብሎ ይደሰታል። የደረሰው ትንፋሹ ነው፤ እግሩ ገና መንገድ ላይ ነው። የእኛ ዳማ የተጎዳው ሰነፍ ስለ ነበረ ሳይሆን ጎበዝ ስለ ነበረ ነው።

የሸክሙንም ነገር ማሰብ ይገባል። ብዙ አዋቂዎች ፈረስ ያለ ጉዳት የሚሸከመው የክብደቱን አንድ አምስተኛ ያህል ነው ይላሉ። የእኛ ደገኛ ፈረስ በቁመቱ አጭር፣ በክብደቱም ቀላል ነው። ፈረሱ 250 ኪሎ ቢመዝን ሸክሙ 50 ኪሎ ሊሆን ነው። አንድ ሙሉ ሰው ከነኮርቻው፣ ከነጋሻው፣ ከነካባው ከዚህ ምን ያህል እንደሚያልፍ አንባቢ ራሱ ያስላው። ይህ ማለት ጉግስ ይቅር ማለት አይደለም። ሸክሙ የሚከብደው ፈረስ ቢያንስ አካሉን የጨረሰ፣ ጀርባው የጠነከረና ረዥም ልምምድ ያለው ይሁን ማለት ነው።

ታዲያ ቦራው ምን ይደረግ? እኛ የደረስንበት ፍርድ ለመጪው ጥምቀት ሳይሆን ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ሁለተኛ ጥምቀት ይሰናዳ የሚል ነው። ያን ጊዜ አምስት ዓመት አልፎት ጥርሱን ጨርሶ ይገኛል። እስከዚያ ያለውን ጊዜ በከንቱ እንዳያሳልፍ ዕቅድ ያስፈልገዋልና ዕቅዱን እንደሚከተለው ነደፍነው።

የመጀመሪያው ዓመት የእጅና የጆሮ ትምህርት ነው። በዚህ ዓመት ማንም አይቀመጥበትም። በገመድ ይመራል፤ አራቱንም እግሩን ሳይራገጥ ማንሣት ይማራል፤ ሰኮናው በየጊዜው ይታያል፤ ጀርባው በእጅ፣ ቆይቶም በባዶ ጆንያ ይታሻል። ከእናቱ ጎን ሆኖ ዳገት ይወጣል፤ ውሃ ይሻገራል። ደሴ ለዚህ የተሰጠች አገር ናት፤ ከከተማዋ በየትም በኩል ቢወጡ ዳገት አይታጣም። በእርምጃ ዳገት መውጣት የኋላ እግሩንና ጀርባውን ያጠነክራል፤ ቁልቁለት መሮጥ ግን የፊት እግሩን ይሰብራልና ክልክል ነው። ገበያ በሚቆምበት ቀን በሰኞ ገበያ ዳር ቆሞ የመኪና ጥሩምባ፣ የባጃጅ ጩኸት፣ የሰው ግርግር ይስማ። ከበሮና ጃንጥላም አስቀድሞ ይልመድ። በጥምቀት ቀን ሕፃናት የሚረገጡት ይህን ባልለመደ ፈረስ ነው። ወደ መጪው ጥምቀትም እንዳይቀር፤ ይሂድ፤ ነገር ግን እየተመራ ሄዶ፣ ከሕዝቡ ጋር ቆሞ አይቶ ይመለስ። የአጎታችን ልጅም አብሮት ይቁም። ማየትም ትምህርት ነው።

ሁለተኛው ዓመት የኮርቻ ዓመት ነው። አራት ዓመት ሲሞላው ኮርቻው በመጀመሪያ ባዶውን ይጫንበት፤ ከዚያ ከቤት ልጆች ቀለል ያለው ይቀመጥበት። በሳምንት ሦስት ቀን፣ በቀን ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ሥራው እርምጃና ሱክ ሱክ፣ ሰፊ ክብ መዞር፣ ቃል ሰምቶ መቆም ነው። በዚህ ዓመት የብረት ልጓም አፉ ባይገባ እንመርጣለን። በአገራችን የተለመደው ልጓም ቀለበቱ የታችኛውን መንጋጋ የሚከብብ፣ በትንሽ ጉተታ ብዙ የሚያሳምም ነው። እጁ ባልበሰለ ልጅ ላይ ያልበሰለ ፈረስ ሲጨመር የሚቀደደው አፍ ነው። አፉ አንድ ጊዜ የደነደነ ፈረስ ደግሞ ዕድሜውን ሙሉ ሲጎተት ይኖራል እንጂ አይታዘዝም። ስለዚህ አስቀድሞ በአፍንጫው ላይ በሚታሰር ገመድ ይማር፤ ብረቱ በኋላ ይምጣ።

በሦስተኛው ዓመት ክረምቱ እስኪያልፍ በደጋው ዐርፎ ይክረም፤ ጭቃ ላይ መጋለብ ጅማት መግደል ነው። ከመስከረም እስከ ጥር ያሉት አራት ወራት ግን እንዲህ ይከፈሉ። በመስከረም ዳገት በእርምጃ፣ ቀን በቀን ርቀቱን እየጨመሩ። በጥቅምት ረዘም ያለ ሶምሶማ። በኅዳር ደንገላሳ፣ መቆምና መዞር፤ ጉግስ ከፍጥነቱ ይልቅ በመዞር የሚያሸንፉበት ጨዋታ ነውና ፈረሱ በኋላ እግሩ ተደግፎ መመለስን በዝግታ ይማር፤ ግራውንም ቀኙንም እኩል ያድርግ። በታኅሣሥ ከሌሎች ሁለት ወይም ሦስት ፈረሶች ጋር ማሳደድና መሸሽ ይለማመድ፤ ሽምጥ ግን በሳምንት ከአንድ ቀን አይብለጥ፤ ከሽምጥ በኋላ ሁለት ቀን ይረፍ። በዓሉ ሰባት ቀን ሲቀረው ሥራው ይቀነስ። በየጠዋቱ ከሥራ በፊት አራቱን እግሮች በእጅ መዳሰስ እንደ ጸሎት የማይቀር ይሁን። አንዱ እግር ከሌላው የሞቀ እንደ ሆነ፣ ጥምቀት ነገም ቢሆን፣ ፈረሱ ይቀራል።

ስለ ቦታውም አንድ ነገር እንጨምር። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ኮምቦልቻ ግን ቁልቁል ወርዳ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በሁለቱ መካከል ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ቢሆንም ለፈረስ ሁለት የተለያዩ አገሮች ናቸው። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ክፉ ደዌ የምታስተላልፈው ትንሽ ትንኝ ሙቀትና እርጥበት ትወዳለች፤ የምትናከሰውም ይበልጡን በማታና በንጋት ነው። በሽታው ሲጠና ፈረስን በጥቂት ቀን ውስጥ ይገድላል። በቅሎ ከፈረስ ትሻላለች፤ አህያ ደግሞ ከሁለቱም ይበልጥ ትቋቋመዋለች። ስለዚህ ፈረስን በክረምት ማብቂያ ወደ ቆላ አለማውረድ፣ ማውረድ ግድ ቢሆንም ሲመሽ ከቦርከና ዳር አርቆ ማሳደር ብልህነት ነው። ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ በደብረ ዘይት፣ ማለት በቢሾፍቱ፣ ያለው የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የዚህን በሽታ ክትባት ይሠራል። ክትባቱ የሚጠቅመው ግን በሽታው ከመምጣቱ በፊት ለተወጋ ፈረስ ነው።

የምግቡ ነገር አጭር ነው። የፈረስ ሆድ ትንሽ ስለሆነ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ ይብላ። ሣርና ድርቆሽ ዋናው ነው፤ ገብስ ሥራው ሲጨምር ይጨመር፤ ሥራው ሲቀንስም ይቀነስ። በበዓሉ ዋዜማ «ጉልበት ይሁነው» እየተባለ ቁና ሙሉ ገብስ የሚሰጠው ፈረስ በሆድ ቁርጠት ወይም በሰኮና ትኩሳት የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ከግልቢያ በኋላም ላቡ እስኪደርቅ በእርምጃ ይሂድ እንጂ ወዲያው አይቀለብ።

ዕቅድ ማውጣት የፈረንጅ ፈሊጥ ነው የሚል ቢኖር፣ ነገሩ ከዘመናት በፊት የታሰበ መሆኑን እንንገረው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1400 ዓመት ገደማ ኪኩሊ የሚባል የሚታኒ ሰው ለኬጢያውያን ንጉሥ የሠረገላ ፈረሶች የማሠልጠኛ ሥርዓት በሸክላ ጽላት ላይ አጽፏል። ጽላቶቹ በዛሬዋ ቱርክ ተገኝተዋል። በእነርሱም ላይ ፈረሱ በየቀኑ ምን ያህል እንደሚሄድ፣ ምን እንደሚበላ፣ መቼ እንደሚታጠብና መቼ እንደሚያርፍ ከስድስት ወር በላይ ለሆነ ጊዜ ቀን በቀን ተዘርዝሯል። ግሪካዊው ዜኖፎንም ከክርስቶስ ልደት በፊት በአራተኛው መቶ ዓመት ስለ ፈረስ በጻፈው መጽሐፍ ፈረስን በቁጣ እንዳንቀርበው መክሯል።

በእኛ ዘመን ደግሞ በምዕራብ አሜሪካ ያሉ ከብት ነጂዎች የሚያደርጉትን እንመልከት። እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ፈረሶች የተለየ ታላቅ ውድድር ያካሂዳሉ። ፈረሱ በሦስት ነገር ይፈተናል፤ ከመንጋው አንዲት ከብት ለይቶ እንዳትመለስ በመከልከል፣ በባዶ ሜዳ ልጓም እየሰማ በመዞርና በመቆም፣ በመጨረሻም አንዲት ከብት በአጥር ጥግ እያሯሯጠ በመመለስ። መዞሩ፣ ማሳደዱና ድንገት መቆሙ ከጉግሳችን ጋር ቅርብ ዘመድ ነው። አሠልጣኞቹ ከውድድሩ ቀን ወደ ኋላ እየቆጠሩ የእያንዳንዱን ወር ሥራ ይወስናሉ። ይህ የሚደነቅ ነው። ዳሩ ግን ሽልማቱ ለሦስት ዓመት ፈረስ ስለሆነ፣ ፈረሱ ገና ሁለት ዓመት ሲሞላው ኮርቻ ይጫንበታል። በዚያው አገር ከስፓኝና ከሜክሲኮ የመጣው የጥንቱ የካሊፎርኒያ ከብት ነጂዎች ልማድ ግን ሌላ ነው። ፈረሱ በመጀመሪያ ብረት በሌለው የአፍንጫ ገመድ፣ ቀጥሎ በሁለቱም፣ በመጨረሻም በብረቱ ብቻ ይማራል፤ ይህም ብዙ ዓመት ይፈጃል። ዛሬ ለአራትና ለአምስት ዓመት ፈረሶችም ሌላ ውድድር ስላላቸው የታገሠ ሰው ሜዳ አያጣም። እኛም ከእነርሱ የቀን አቆጣጠራቸውን እንውሰድ፤ የሦስት ዓመቱን ዕድሜ ግን ለእነርሱ እንተውላቸው።

አሁን ከወዲያ በኩል የሚነሣውን ክርክር እንስማ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «በልጅነቱ ያልጋለበ ፈረስ ልቡ ይሞታል» ይሉናል። ይህ አባባል ከፊሉ እውነት ነው። በጋጣ ታስሮ ያደገ ውርንጭላ አጥንቱ አይጠነክርም፤ ልቡም ፈሪ ይሆናል። መድኃኒቱ ግን ሜዳ ለቅቆ ከእኩዮቹ ጋር ማፈንጠዝ ነው፤ ውርንጭላ ሰው ሳይጫነው መሮጥ ይችላል፤ ይገባውማል።

ሁለተኛው ክርክር የኪስ ነው፤ እርሱም ከመጀመሪያው ይከብዳል። «እኔ ገበሬ ነኝ፤ የማይሠራ ፈረስ ሁለት ዓመት ለምን እቀልባለሁ?» የሚል ሰው ስድብ አይገባውም። ገብሱ የልጆቹ ነው። ይህንን ስናስብ ዐደርን። መልሳችን ስሌት ነው። ዳማው በአንድ ጥምቀት ስም አግኝቶ በዓመቱ በግማሽ ዋጋ ተሸጠ። አካሉን ጨርሶ በሥርዓት የተገራ ፈረስ ግን እስከ 15 ዓመቱና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ሁለት ዓመት ታግሦ አሥር ዓመት መጋለብና ሁለት ወር ቸኩሎ አንድ ቀን መጋለብ፣ የትኛው ለድኻ እንደሚሻል ድኻው ራሱ ይፍረድ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች የተባለው ለሀብታም አይመስለንም፤ ሀብታም ሌላ ይቀዳል።

ይሁን እንጂ ጥፋቱን ሁሉ በባለ ፈረሱ ላይ መጫን ፍርደ ገምድልነት ነው። ጎረምሳው የሚቸኩለው እኛ ተመልካቾች ስለምናጨበጭብ ነው። አዘጋጆችም ፈረሱ ስንት ዓመቱ ነው ብለው ሲጠይቁ ሰምተን አናውቅም። የፈረስ ጉግስና የፈረስ ሸርጥ በአገራችን የባህል ስፖርት ውድድሮች ውስጥ የተቆጠሩ ስለሆኑ፣ ደንብ ማውጣት የሚያሳፍር አይደለም። ሰው ለሩጫ ሲሰለፍ ዕድሜው ይጠየቅ የለምን?

ስለዚህ ሦስት ነገር እንለምናለን። አንደኛ፣ በጥምቀትም ሆነ በሌላ በዓል ጉግስ የሚያዘጋጁ ሁሉ ፈረሱ ሜዳ ከመግባቱ በፊት አፉን ይክፈቱ፤ የዳር ጥርሱን ያልለወጠ ፈረስ አይሰለፍ። ለዚህ ገንዘብ አያስፈልግም፤ አንድ ዐዋቂ ሽማግሌ ይበቃል። ሁለተኛ፣ ለጎረምሳ ፈረሶች የተለየ ጨዋታ ይዘጋጅላቸው። በእርምጃና በሱክ ሱክ የሚታዘዝ፣ በሕዝብ መካከል የማይደነግጥ፣ በቃል የሚቆም ፈረስ ይሸለም። ያን ጊዜ የታገሠው ልጅም እልልታ ያገኛል። ሦስተኛ፣ የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምረው የወሎ ዩኒቨርሲቲ በአጠገባችን ነው፤ የእንስሳት በሽታ መመርመሪያ ላቦራቶሪም በኮምቦልቻ አለ። የበዓሉ አዘጋጆች ከእነዚህ አንድ ሐኪም በሜዳው እንዲገኝላቸው ቢጠይቁ፣ ተማሪዎቹም ከመጽሐፍ የማያገኙትን ትምህርት ያገኛሉ።

ይህ የማይሆን ሕልም የሚመስለው ሰው ወደ አዊ ይመልከት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ተቋቁሞ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በድምቀት ያከብራል። ማኅበር ካለ ደንብ ይኖራል፤ ደንብ ካለም አዛውንቱ ለወጣቱ የሚያወርሰው ነገር ይኖረዋል። ኢትዮጵያ 2 ሚሊዮን ገደማ ፈረስ ያላት አገር ናት። በአፍሪካ በፈረስ ብዛት የሚስተካከላት የለም ይባላል። ከነዚህ ውስጥ አብዛኞቹ የሚያልቁት በሸክምና በጋሪ ነው። በክብር የሚያዙትን ጥቂቶቹን እንኳ በችኮላ ብናነክሳቸው፣ ብዛታችን ምን ያኮራናል? የደሴና የኮምቦልቻ ፈረሰኞችም፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ በሠርግም በበዓልም ፈረሱን በጋራ ሲያስጌጡ የኖሩ ናቸውና በማኅበር ቢሰበሰቡ ለምን ያቅታቸዋል?

ፍርዳችንን ለአጎታችን ልጅ ስንነግረው ፊቱ ጠቆረ። እውነቱን ለመናገር አልፈረድንበትም። እኛም ትናንት ዲፕሎማችንን ተቀብለን ስንወጣ ዛሬውኑ ሽምጥ ካልጋለብን ያልን ነን፤ ትንፋሻችን ደርሶ እግራችን እንዳልደረሰ የነገረን ሰው ቢኖር ባልሰማነው ነበር። ስለዚህ ብዙ አልመከርነውም። ይዘነው ወደ ኮምቦልቻ ወረድን፤ ጋሪዎች ከሚቆሙበት ስፍራ ግማሽ ቀን ዋልን። ዳማውን አላገኘነውም። እንደ እርሱ ያሉ ሌሎች ግን ነበሩ፤ አንዱ የግራ እግሩን እያነሣ ሲያሳርፍ ልጁ ቆሞ ለረዥም ጊዜ ተመለከተው። ወደ ደሴ ስንመለስ ዳገቱን እስክንጨርስ አልተናገረም። ከቤት እንደ ደረሰ ግን ወደ ቦራው ሄደ፤ ከንፈሩን ገልጦ ጥርሱን ቆጠረ፤ «ሁለት ጥምቀት ይቀረዋል» አለ።

ሜዳውም ያው ፈረሱም ያው ይባላል። ሜዳው የትም አይሄድም፤ ጥምቀትም በየዓመቱ ይመጣል። እግሩ የተሰበረ ፈረስ ግን ሁለተኛ አይመጣም። በመጪው ጥር ከደሴ ዙሪያ ሜዳዎች የሚቆም አንባቢያችን ሁሉ፣ ከማጨብጨቡ በፊት የሚጋልበው ፈረስ ስንት ዓመቱ እንደሆነ ከጎኑ የቆመውን ሰው ቢጠይቅልን፣ የዚህ ጽሑፍ ዋጋ ተከፈለን እንላለን።